ከገደሉ ጫፍ የጠፋው ቃል

ፋይናል ፋንታሲ 6 ውስጥ ዓለም ከፈራረሰች ከአንድ ዓመት በኋላ ሴሊስ የምትባል የቀድሞ ጄኔራል አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ትነቃለች። አጠገቧ ያለው ሲድ የሚባል ሽማግሌ ሳይንቲስት ብቻ ነው። ሌላ ዘመድ የላትምና እሱኑ አያቴ ማለት ትጀምራለች። ደሴቷ ላይ አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች የሉም። ብዙም ሳይቆይ ሲድ ይታመማል፤ ተጫዋቹ ባሕር ዳር እየወረደ ዓሣ ይዞ ማብላት አለበት። ፈጣኑ ዓሣ ያድነዋል፣ ቀርፋፋው ያብስበታል፤ ይሄን ግን ጌሙ አይነግራችሁም። ቀርፋፋውን መያዝ ደግሞ ይቀላል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወት ሰው ብዙውን ጊዜ ሲድን በገዛ እጁ አብልቶ ይገድለዋል። ሲድ ከሞተ ሴሊስ ወደ ሰሜን ትሄዳለች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ትቆማለች፣ ራሷን ትወረውራለች።

ትተርፋለች። ዳርቻው ላይ ስትነቃ አጠገቧ አንዲት የቆሰለች ወፍ አለች፤ ቁስሏ የታሰረበት ጨርቅ የጓደኛዋ የሎክ ሻሽ ነው። ሰው አለ ማለት ነው። የጌሙ ሁለተኛ አጋማሽ በሙሉ የሚነሳው ከዚህች ብጣሽ ጨርቅ ነው።

ጌሙ በ1994 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ (ዓመቶቹ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲድ ቀደም ብሎ ለሴሊስ የሚነግራት ነገር ነበር። እዚህ የነበሩት ሌሎቹ ተስፋ ቆርጠው ከሰሜኑ ገደል ራሳቸውን እየወረወሩ እንዳለቁ ይነግራታል። በዚያው ዓመት ጌሙ አሜሪካ ሲገባ፣ ፋይናል ፋንታሲ 3 በሚል ስም፣ ይህ ንግግር ሌላ ሆኖ ወጣ። በእንግሊዝኛው ሲድ የሚለው በግምት እንዲህ ነው፤ ሰዎቹ ሲከፋቸው ወደ ሰሜኑ ገደል ሄደው በእምነት ይዘሉ ነበር፣ ከዚያም መንፈሳቸው ይነቃቃ ነበር። እንግሊዝኛ ‹የእምነት ዝላይ› የሚል አባባል አለው፤ ውጤቱን ሳያዩ አምኖ መወሰን ማለት ነው። ተርጓሚው አባባሉን ወስዶ ሞቱን አለበሰው።

ሥዕሉን ግን ማንም አልነካውም። ልጅቷ ያው ትሄዳለች፣ ያው ትወረወራለች።

ይህ ትንሽ ለውጥ ይመስላል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን የትዕይንቱን ትርጉም ከሥሩ ይነቅለዋል። በጃፓንኛው ሴሊስ ገደሉን ታውቀዋለች፤ ከእሷ በፊት ማን እንደሄደበትና ለምን እንደሄደበት ተነግሯታል። ስትሄድ የመጨረሻዋ ነች፤ ደሴቷ ሰዎቿን አንድ በአንድ ጨርሳ እሷ ጋ ደርሳለች። በእንግሊዝኛው ያ ሰልፍ የለም። አንዲት ሴት ብቻዋን፣ ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ሐሳብ ትዘላለች። የአንድ ዓለም ተስፋ መቁረጥ የአንድ ሰው ቅጽበታዊ እብደት ይሆናል። ደግሞ መዝለል መንፈስን ያነቃቃል ብላችሁ የነገራችሁት ልጅ፣ ወዲያው አንዲት ሴት ስትዘል ስታሳዩት ምን እንዲያስብ ነው የፈለጋችሁት? ልጁን ለመጠበቅ የተጻፈው ቃል ከዋናው ይልቅ ያስፈራል።

አማርኛ ለዚህ ዓይነት ነገር ቃል አያጣም። ‹አረፈ› እንላለን፣ ‹አለፈ› እንላለን፣ በሬዲዮ ‹ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ› እንላለን። እነዚህ ቃላት ይሸፍናሉ እንጂ አይዋሹም፤ ‹አያትህ አረፉ› የተባለ ልጅ አያቱ ተኝተው እንደሚነሱ አያስብም። ሰምና ወርቅም ቢሆን ከሰሙ ሥር ወርቅ መኖር አለበት። የሲድ እንግሊዝኛ ሰም ብቻ ነው። ብትፍቁት ብትፍቁት ሌላ ሰም።

ተርጓሚው ቴድ ዉልዚ ላይ መፍረድ ግን አልፈልግም። ጊዜው አጭር ነበር፤ እንግሊዝኛ ከጃፓንኛ የበለጠ ቦታ ስለሚፈጅ፣ የካርትሪጁ (እኛ ጋ ካሴት የምንለው) ሚሞሪም ስለማይበቃ፣ ንግግር እየቆረጠ ነበር የሚሠራው። ኬፍካ የሚባለውን ቀልደኛ ጨካኝ በእንግሊዝኛ ያን ድምፅ የሰጠው እሱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወደው ኬፍካ ግማሹ የዉልዚ ነው። ዓረፍተ ነገሩን የጻፈው በሌላ ሰው ሕግ ሥር ሆኖ ነው።

የሕጉ ባለቤት ኒንቴንዶ ኦፍ አሜሪካ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒንቴንዶ ማሽን ላይ የሚሸጥ ማንኛውም ጌም ራቁት ገላ፣ ደም፣ መጠጥ፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ የሃይማኖት ምልክትና የፖለቲካ መልእክት እንዳይኖረው ይፈለግ ነበር። መንግሥት አላዘዘውም። ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ የቤተሰብ መጫወቻ ሆኖ መሸጥ ፈልጎ ነው። ውጤቱ አንዳንዴ ያስቃል። ፋይናል ፋንታሲ 6 ውስጥ መጠጥ ቤቱ ካፌ ሆነ። በ1991 አሜሪካ በገባው ፋይናል ፋንታሲ 4 ውስጥ፣ ታስራ ከተቀመጠችው ከሮዛ በላይ የተሰቀለው ስለት የብረት ኳስ ሆነ፤ የብረት ኳስ ከላይ ሲወርድባችሁ ምን እንደምትሆኑ ለማሰብ የፈለገ ያስብ። ኧርዝባውንድ በ1995 ሲወጣ ሆስፒታሎቹ ላይ ያለው ቀይ መስቀል ጠፋ፣ መጠጡ ቡና ሆነ፣ በራሱ አእምሮ ውስጥ ራቁቱን የሚሄደው ልጅ ፒጃማ ለበሰ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ባዮኒክ ኮማንዶ ነው። በ1988 ጃፓን ውስጥ የወጣው የሂትለር ትንሣኤ በሚል ርእስ ነበር፣ ነገሩ ግልጽ ነው። አሜሪካ ሲሄድ ርእሱ ተቀየረ፣ ስዋስቲካው በሌላ አርማ ተተካ፣ ሂትለር ደግሞ ‹ማስተር ዲ› ተባለ። ፊቱ ግን ያው ፊት ነው፣ ጢሙም አለ። መጨረሻ ላይ ጭንቅላቱ ሲፈነዳ በዝርዝር ይታያል። ደም የማይፈቅደው ኩባንያ ያንን አሳለፈው። ስሙን አጥፍተው ጭንቅላቱን ተዉት!

ይህ ሥርዓት የላላው ከ1994 በኋላ ነው። ሴጋ ላይ ሞርታል ኮምባት የተጫወተ ሰው ታሪኩን ሳያውቀው ኖሮበታል። በ1993 የኒንቴንዶው ቅጂ ደሙን ወደ ግራጫ ላብ ቀየረው፤ የሴጋው በምስጢር ኮድ ደሙን ያመጣ ነበር፣ ገበያውም ወደ ሴጋ ሄደ። የአሜሪካ ሴኔት ጉዳዩን አነሳ፤ ኢንዱስትሪው በ1994 የዕድሜ ደረጃ የሚሰጥ የራሱን ቦርድ አቋቋመ። ሽፋኑ ላይ ዕድሜ ከተጻፈ ውስጡን የመቁረጥ ምክንያቱ ቀነሰ።

እስከዚህ ድረስ የአሜሪካና የጃፓን ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን? የሚያገባን እንግሊዝኛው የአሜሪካ ብቻ ሆኖ ስላልቀረ ነው። እነዚህን ጌሞች ኮምፒውተር ወይ ስልክ ላይ በኢሙሌተር የተጫወተ የአዲስ አበባ ልጅ የተጫወተው ያንኑ የ1994 እንግሊዝኛ ነው። ለእሱ ምን ይቆረጥ፣ ምን ይቅር ብሎ የጠየቀ የለም። አንድ የአሜሪካ ወላጅ ሱቅ ውስጥ እንዳይደነግጥ የተቆረጠ ጨርቅ ሰፍተው እኛን አለበሱን፤ ልኩ የእኛ እንዳልሆነ እንኳ የምናውቅበት መንገድ አልነበረም።

አለማወቁ ነው ዋናው ነገር። የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ሲታገድ አገር አወቀ። መጽሐፉ በድብቅ ተባዛ፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ እገዳው ራሱ ‹እዚህ የሆነ ነገር አለ› የሚል ማስታወቂያ ሆነ። በደራሲው ላይ የደረሰውን አትርሱልኝ፤ የደርግን ሳንሱር ከኒንቴንዶ መቀስ ጋር እኩል እያደረግሁ አይደለም። የማነጻጽረው አንባቢው ጋ የሚቀረውን ነው። የታገደ መጽሐፍ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ አንባቢ ባዶውን አይቶ ይጠይቃል። ለሌላ አገር ገበያ ሲባል የተላመደ ጌም ባዶ ቦታ የለውም፤ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ሌላ ነገር ተሰፍቷል፣ ስፌቱም አይታይም። እንግሊዝኛውን የተጫወተ ሰው ሲድ ሌላ ነገር ብሎ እንደነበር ሊጠረጥር አይችልም። ብዙዎች ያወቁት ከዓመታት በኋላ፣ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት ነው። በ2007 ለጌም ቦይ አድቫንስ በወጣው አዲስ እንግሊዝኛ የገደሉ ነገር በግልጽ ተመለሰ፤ ልጆቹ ግን እስከዚያ አድገው ነበር።

ታዲያ የተቀየረ ሁሉ ሳንሱር ነው? በፍጹም። ፖኬሞን ውስጥ ጂንክስ የምትባለውን ታስታውሷት ይሆናል። መጀመሪያ ፊቷ ጥቁር ነበር፣ ከንፈሯ ወፍራም፣ ጠጉሯ ቢጫ። ካሮል ቦስተን ዌዘርፎርድ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ደራሲ በ2000 አካባቢ ጽፋ ሞገተች፤ ይህ ምስል ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው ጥቁር ሕዝብ ላይ ሲያሾፉበት የነበረው ምስል ነው አለች። በኋላ የጂንክስ ቀለም ሐምራዊ ሆነ፣ ጃፓን ውስጥም እንደዚያው። እኔ በዚህ ለውጥ ቅንጣት ቅር አይለኝም። ልብ በሉ ግን እንዴት እንደሆነ፦ አንድ ሰው በስሙ ጻፈ፣ ክርክር ተነሳ፣ ለውጡ ዓይን ላይ ሆነ። ዛሬም ‹ለምን ሐምራዊ ሆነች?› ብሎ የሚጠይቅ ልጅ መልስ ያገኛል። የሲድ ዓረፍተ ነገር ግን ተከራካሪ አልነበረውም።

ኢንተርኔት ላይ ስለ ሎካላይዜሽን ሳንሱር የሚጮኸው ጩኸት የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። በ2015 ዜኖብሌድ ክሮኒክልስ ኤክስ ወደ ምዕራቡ ሲሄድ ሊን የምትባል የ13 ዓመት ገጸ ባሕርይ ገላ የሚያሳዩ ልብሶቿ ተሸፈኑ፤ የጡት መጠን ማስተካከያውም ወጣ። ጥበብ ሞተች ተባለ። ይቅርታ ግን፣ የ13 ዓመት ልጅ ልብስ ስለለበሰች የሞተ ጥበብ ካለ ነፍስ ይማር። ጩኸቱ ሁሉ እዚያ ሲያልቅ፣ ትርጉም የሚገለብጠው ለውጥ በጎን ሹልክ ብሎ ያልፋል።

እንዲህ ዓይነቱ ለውጥ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ያየሁት ጀርመን ላይ ነው። የአገሪቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 86ሀ የናዚ ምልክት በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል፤ ለጥበብ፣ ለትምህርት፣ ለታሪክ ዘገባ ግን በር ይከፍታል። ፊልም በዚያ በር ገብቷል፤ ኢንግሎሪየስ ባስተርድስ ስዋስቲካውን እንደያዘ ጀርመን ሲኒማ ውስጥ ታይቷል። ጌም ግን ደጅ ቀረ። በ1998 አንድ የፍራንክፈርት ፍርድ ቤት በወልፈንስታይን 3ዲ ጉዳይ ከወሰነው በኋላ፣ ኢንዱስትሪው ለ20 ዓመት ያህል በሩን ሳያንኳኳ ኖረ።

በ2017 ወልፈንስታይን 2 ወጣ። ታሪኩ ናዚዎች ጦርነቱን አሸንፈው አሜሪካን ቢገዙስ የሚል ነው፤ ጀግናው ብላዝኮዊትስ እናቱ አይሁዳዊት ነች። በጀርመንኛው ቅጂ ስዋስቲካው በሌላ ምልክት ተተካ፣ ናዚዎቹ ‹ሥርዓቱ› ተባሉ፣ ሂትለር ‹ኸር ሃይለር› ሆነ፣ ፊውረር መባሉ ቀርቶ ቻንስለር ተባለ፣ ጢሙንም ተላጨ። ሽማግሌ፣ በሽተኛ፣ ጢም አልባ ሃይለር! ይህን ሰምታችሁ ብትስቁ አልፈርድባችሁም።

የማያስቀው ሌላው ነው። ከምልክቶቹ ጋር የተጠቂዎቹም ስም አብሮ ሄደ። አይሁድ የሚለው ቃልና የእልቂቱ ነገር ከጀርመንኛው ንግግር ተጠረገ፤ ‹ከሐዲዎች› በሚል ዓይነት ቃል ተተካ። ጀርመን ውስጥ ያሉ ተቺዎች በዚህ ተቆጡ፣ ትክክልም ናቸው። ሕጉ የከለከለው ምልክቱን ነው፤ የተገደለውን ሰው ማንነት መጥራትን የከለከለ ሕግ እዚያ አገር የለም። እንዲያውም ሕጉ የወጣው ያ ወንጀል እንዳይደገም ነው። ኩባንያው ወይም ያማከረው ሰው ከሕጉ አንድ እርምጃ አልፎ፣ ‹ለማንኛውም› ብሎ፣ ጥንቃቄ በሚመስል ነገር ገዳዩንም ሟቹንም ስም አልባ አደረጋቸው። የቀረው መጥፎ ሰዎችን የሚገድል ጥሩ ሰው ነው። መጥፎዎቹ ለምን መጥፎ ሆኑ? ሥርዓቱ ስለሆኑ። በቃ።

ያስፈራኛል ያልሁትም ይህ ‹ለማንኛውም› ነው። የሕግ ሳንሱር ቢያንስ ወሰን አለው፣ ጠበቃ ቀጥራችሁ ልትከራከሩት ትችላላችሁ። ‹ለማንኛውም› ወሰን የለውም። አንድ ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው የሚቀጥለው ሰው ምን ሊል እንደሚችል ገምቶ ይቆርጣል፤ የሚቀጥለው ሰው ደግሞ ምንም ላይል ይችል ነበር።

ጀርመን ነሐሴ 2018 ላይ አቋሟን ቀየረች፤ ጌሞች እንደ ፊልም አንድ በአንድ እንዲታዩ ተፈቀደ። በዚያው ወር ጌምስኮም በተባለው የኮሎኝ ትርዒት ላይ ስሩ ዘ ዳርከስት ኦፍ ታይምስ ቀረበ፤ በርሊን ውስጥ ናዚን በድብቅ የሚቃወሙ ጥቂት ሰዎችን የምትመሩበት ጌም ነው። ስዋስቲካው አለበት፣ ሂትለርም በስሙ ተጠርቷል። የሠሩት ጀርመኖች ናቸው። ያ ሁሉ ዓመት ስዋስቲካ የተላጨው የአሜሪካ ተኩስ ጌም እንዳይከለከል ነበር፤ በመሃል ጀርመኖች ስለራሳቸው አያቶች የሚሠሩት ጌም ታግዶ ኖሯል።

አሁን ነገሩ መልኩን እየቀየረ ነው። ድሮ ለአንድ አገር የተቆረጠ እዚያው አገር ይቀር ነበር፤ ዛሬ ኩባንያዎች አንድ ቅጂ ለዓለም ሁሉ መሸጥ ስለሚቀላቸው የአንዱ መቀስ ለሁሉም ይቆርጣል። ፎልአውት 3 በ2008 ሞርፊን ስለነበረበት አውስትራሊያ ፈቃድ ከለከለችው፤ ስሙ ‹ሜድ ኤክስ› ሆነ፣ አውስትራሊያ ብቻ ሳይሆን በየትም አገር። ጌሙ ሱስ ስለሚያስይዝ ነገር ነበር የሚያወራው፤ የእውነተኛ መድኃኒት ስም ሲወጣ ሱሱም የመጫወቻ ሱስ መሰለ። በ2018 መጨረሻ ዩቢሶፍት ሬይንቦው ሲክስ ሲጅን ለቻይና ሲያዘጋጅ የራስ ቅሉን፣ ደሙን፣ የቁማር ማሽኑን ከሁሉም አገር ቅጂ ላይ ሊያነሳ ነበር። ቀድሞ ስላስታወቀ ተጫዋቾች ተቃወሙ፣ ኩባንያው ሐሳቡን ለወጠ። ዝም ብሎ ቢያደርገውስ?

ቻይና ውስጥ ራሱ ፐብጂ ሞባይል በ2019 ወጥቶ በቦታው ፒስኪፐር ኤሊት ገባ። የተመታው ሰው አይሞትም፤ ተንበርክኮ ዕቃውን አስቀምጦ እጁን እያውለበለበ ይሰናበታል። እውነቱን ለመናገር ይሄኛው ሳንሱር ደስ ይለኛል ማለት ይቀናኛል። ስፌቱ ውጭ ላይ ነው። የሚጫወተው ልጅ ሁሉ ምን እንደተቆረጠ ያውቃል፣ ይስቃል፣ ይተኩሳል።

አማርኛ በጌሞች ውስጥ እስካሁን ያለው እንደ ቅመም ነው። ሲቪላይዜሽን 5 ላይ በ2012 አፄ ኃይለ ሥላሴ አማርኛ ይናገራሉ፤ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ላይ ከ2015 ጀምሮ የኢትዮጵያ ወታደሮች ስታዟቸው በአማርኛ ይመልሳሉ። አንድ ረጅም ታሪክ ያለው ጌም ሙሉ በሙሉ ወደ አማርኛ ቢመለስ መቀሱን ማን ይይዛል የሚለው ጥያቄ ግን ሩቅ አይመስለኝም። አንድ ቀን አንድ ልጅ ሲድን በአማርኛ ያናግረዋል፤ ተርጓሚውም ዓረፍተ ነገሩ ላይ ሲደርስ የሚያይበት ዋናው የ1994ቱ እንግሊዝኛ ይሁን ጃፓንኛው ወሳኝ ነው።

ጨርሶ የማይተረጎምም አለ። ማዘር 3፣ የኧርዝባውንድ ተከታይ፣ ጃፓን ውስጥ በ2006 ወጣ፤ ኒንቴንዶ እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ አላወጣውም። በ2024 ለስዊች ሲያወጣው እንኳ ለጃፓን ብቻ ነበር። እንግሊዝኛውን የሠሩት አድናቂዎች ናቸው፤ ሙያው ትርጉም የሆነው ክላይድ ማንደሊን እየመራቸው በ2008 በነፃ ለቀቁት። መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ፍሊንት የሚባል አባት የጠፉትን ሚስቱንና ልጆቹን ሲፈልግ ያመሻል፤ ማታ እሳት ዙሪያ ጎረቤቱ ይመጣና ሁለት ወሬ አለኝ ይለዋል፣ አንዱ ጥሩ አንዱ መጥፎ። ጥሩው፦ ትልቅ ጥርስ አግኝቻለሁ፣ መሣሪያ ይሆንሃል። መጥፎው፦ ያገኘሁት ሚስትህ ልብ ላይ ተሰክቶ ነው። አድናቂዎቹ ቃሉን አላለሰለሱትም። ፍሊንት መሬት ላይ ይደፋል፣ አፈሩን በቡጢ ይደበድባል፤ ከዚያ ተነስቶ ከእሳቱ እንጨት ይመዝና ጎረቤቶቹን መምታት ይጀምራል።